ዲዋሊን ከጭብጨባው ጀምሩ

ዲዋሊ የተባለውን የጃማይካ ሙዚቃ ሲዲ የቀዳልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ሁለተኛው ዘፈን ሲጀምር ማጫወቻው የተበላሸ መሰለኝ። ዘፋኙ ሌላ፣ ጭብጨባው ግን ያው። ሦስተኛውም እንደዚያው። አውጥቼ በሸሚዜ ጠረግኩትና መልሼ ከተትኩት።

ምንም አልተበላሸም ነበር። ዳንስሆል የሚባለው የጃማይካ የጭፈራ ሙዚቃ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ምቱን ያዘጋጃል፤ ሪዲም ይሉታል። ከዚያ ዘፋኞች በየተራ ስቱዲዮ ገብተው የየራሳቸውን ግጥምና ዜማ ይዘፍኑበታል። እኛ ጋ በትዝታ ላይ እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን ስንኝ እንደሚያወርደው ማለት ነው። የሲዲውን ሪዲም፣ ዲዋሊን፣ የሠራው ኪቦርድ ተጫዋቹ ስቲቨን «ሌንኪ» ማርስደን ነው፤ ስሙም የሂንዱዎች የብርሃን በዓል ስም ነው።

መጀመሪያ ዘፋኝ የሌለበትን ፈልጉ። ጃማይካውያን ቨርዥን ይሉታል። ጉልበታችሁን እየመታችሁ ስሙት። ጭብጨባው እኩል እኩል አይሄድም፤ አንዴ ይቀድማችኋል፣ አንዴ ያስጠብቃችኋል። ሳትስቱ እስክትከተሉት ድረስ ወደ ዘፋኞቹ አትለፉ። እኔ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ቀጥሎ የዌይን ወንደርን «ኖ ሌቲንግ ጎ» ክፈቱ። የፍቅር ዘፈን ነው። እሱ ድምፁን ዘና አድርጎ ይስባል፣ ጭብጨባው ከሥር ይሮጣል። እንዳለቀ፣ ሳታርፉ፣ የባውንቲ ኪለርን «ሰፈረር» አስገቡ። ስለ ተቸገረ ሰው ነው፤ ድምፁም ሻካራ። ቅድም የሠርግ ቤት የመሰለው ጭብጨባ አሁን የተቆጣ ሕዝብ እጅ ይመስላል። አንድም ነገር አልተነካም እኮ! ሪዲም ምን እንደሆነ ለእኔ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። እነዚህን ሁለቱን ደጋግሙ።

ኤለፋንት ማን የሚባለው ዘፋኝም በዚሁ ምት ዘፍኗል፤ የእሱ ለጭፈራ ነው። የሾን ፖል «ጌት ቢዚ» እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 በአሜሪካ የቢልቦርድ የዘፈኖች ሰንጠረዥ 1ኛ ወጥቷል። ቃላቱን እንደ ከበሮ ሲመታቸው ልብ በሉ። የኒውዮርኳ ሉሚዲ በዚያው ዓመት በዚሁ ምት 3ኛ ደርሳለች። ድምፅዋ ያልተቀባባ፣ የሰፈር ልጅ ድምፅ ነው። በጣም እወደዋለሁ።

ቤት ውስጥ ለእንግዳ የምታጫውቱ ከሆነ አያይዛችሁ ልቀቋቸው፤ ጃግሊንግ የሚባለው ይሄ ነው። ፍጥነታቸው በደቂቃ 100 ምት አካባቢ ስለሆነ ብዙ ማስተካከል አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ አንድ ስንኝና አንድ አዝማች ይበቃል። የሚገባውን ዘፈን ጭብጨባ ከሚወጣው ጭብጨባ ጋር ግጠሙ። ሁለት ዘፋኝ ባንዴ እንዳይሰማ ግን ተጠንቀቁ። በአንድ ልደት ላይ ይህን ስቼ ሰው ሁሉ መጨፈሩን አቁሞ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወዲህ የፊተኛው አዝማቹን ሳይጨርስ ሁለተኛውን ከፍ አላደርግም።

ሾን ፖልን በመጀመሪያ አታውጡት። ዌይን ወንደር ሰዉን ከወንበር ያንሳ፣ ባውንቲ ያሙቀው፣ ኤለፋንት ማን ያስጨፍረው፣ ሾን ፖል አራተኛ ላይ ይምጣ። ሉሚዲን ለመጨረሻ አቆዩአት፤ አዝማችዋን ሰዉ ራሱ ይዘፍነዋል፣ ያኔ ድምፁን ዝቅ አድርጉላቸው።