ማውሱን ከመቀየራችሁ በፊት ቦታውን ቀይሩ

የመጽሐፍ ገጽ ማቀናበር መተዳደሪያዬ ከሆነ 11 ዓመት አልፎታል። በቀን ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ቀኝ እጄ ከማውስ አይለይም፤ አንቀጽ ይጎትታል፣ ሥዕል ያሳንሳል፣ የፊደል ክፍተት ያጠባል። ከሦስት ዓመት በፊት ሌሊት ሌሊት እጄ እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኝ ጀመር። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና መሀል ጣቴ የሌላ ሰው ጣቶች ይመስሉኛል፤ ትንሿ ጣቴ ግን ምንም አልሆነችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን ሳራግፍ ቆይቼ ቀስ እያለ ይመለስልኛል።

ያን ጊዜ ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ አዲስ ማውስ ገዛሁ። አልሆነም፣ ሌላ ገዛሁ። ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አምስት ማውስ አለ። እጄን ያዳነው ግን ከአምስቱ አንዱም አይደለም፤ የልብስ ስፌት ሜትር ነው።

ትንሿ ጣት ለምን እንደተረፈች የነገሩኝ ያየኝ ሐኪም ናቸው። የእጅ አንጓ ላይ፣ በመዳፍ በኩል፣ ወለሉ አጥንት ጣሪያው ጠንካራ ጅማት የሆነ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣት የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጨናንቀው በዚያ ያልፋሉ። ነርቩ የሚያዳርሰው አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ መሀል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ነው። የትንሿ ጣት ነርቭ በሌላ በኩል ነው የሚያልፈው። አንጓ ወደ ላይ ተቀልብሶ ሲቆይ በመተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ነርቩም ይጨነቃል። መደንዘዙ ቀንም የማይለቃችሁ ከሆነ፣ ወይም አውራ ጣታችሁ ዕቃ መያዝ ካቃተው፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ትታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጫኑት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

አሁን ወደ ሜትሩ። ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡ፣ ትከሻችሁን ልቀቁት፣ እጆቻችሁ በጎን በኩል ይንጠልጠሉ። ከዚያ ክርናችሁ ከጎናችሁ ሳይርቅ ክንዳችሁን ብቻ ወደ ፊት አንሡና ጠረጴዛው ላይ አሳርፉት። መዳፋችሁ ያረፈበት ቦታ የማውሱ ቦታ ነው። እኔ ይህን ሳደርግ መዳፌ ያረፈው ኪቦርዱ ላይ፣ የቁጥሮቹ ክፍል መሀል ነበር። ማውሱ ከዚያ 19 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ርቆ ተቀምጧል። እሱን ለመድረስ ክንዴን ወደ ውጭ አዙሬ፣ ትከሻዬን በትንሹ አንሥቼ፣ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ተንጠልጥዬ እውላለሁ ማለት ነው። አንድ ኪሎ እንኳ ሳላነሣ ማታ ትከሻዬ ለምን እንደ ተሸካሚ ትከሻ እንደሚዝል የገባኝ ያኔ ነው።

ጥፋተኛው የቁጥሮቹ ክፍል ነበር። ሙሉ ኪቦርድ ወደ 44 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ቁጥር የሌለው ግን 36 አካባቢ ነው። እነዚያ ስምንት ሳንቲ ሜትሮች ለእጃችሁ ብዙ ናቸው። በፊደል መጻፊያው ክፍል መሀል ለመቀመጥ ስንል ኪቦርዱን እናስተካክላለን፤ ማውሱ ግን የተረፈው ቦታ ላይ ይጣላል። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ኪቦርዱን ወደ ግራ ግፉትና አንድ ቀን ሞክሩት። ከተስማማችሁ የቁጥር ክፍል የሌለው ኪቦርድ ፈልጉ። የሂሳብ ሠራተኛ ሆናችሁ ያለ ቁጥር የማትውሉ ከሆነ፣ ለብቻው የሚሸጥ የቁጥር ኪቦርድ አለ፤ በግራ በኩል አስቀምጡት። መጀመሪያ ያናድዳል፣ ከሳምንት በኋላ ይለመዳል።

ከፍታም አለ። ቁመቴ 1.58 ሜትር ነው፣ ጠረጴዛዬ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ጠረጴዛ ዝቅ ስለማይል ወንበሬን ከፍ አደረግሁ፤ ያኔ ደግሞ እግሬ ተንጠለጠለ። ባለ 500 ሉህ የወረቀት እሽግ ሁለቱን ጎን ለጎን ከእግሬ ሥር አኖርሁ፤ እስካሁን እዚያው ናቸው። የምትፈልጉት ክርናችሁ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ወይም በጥቂቱ ከፍ ብሎ፣ አንጓችሁ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲውል ነው። አንጓን ጠረጴዛ ላይ ተክሎ ማውሱን በጣት ግራና ቀኝ መጥረግ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ከክርን አንቀሳቅሱት። በውስጡ ለስላሳ ነገር ያለበት የአንጓ ትራስ የተገዛላችሁ ከሆነም እጃችሁ ሲያርፍ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ማውስ እያንቀሳቀሳችሁ የምትደገፉበት ከሆነ የምትጫኑት ያንኑ ጠባብ መተላለፊያ ነው።

ቀጥሎ ፍጥነት። ዲፒአይ የሚባለው ቁጥር ማውሱ አንድ ኢንች ሲንቀሳቀስ ስንት ጊዜ እንደሚቆጥር ይናገራል። ስክሪናችሁ 1920 ፒክስል ስፋት ካለውና የዊንዶውስ የጠቋሚ ፍጥነት መሀል ላይ ከሆነ፣ 800 ዲፒአይ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ እጃችሁ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። 1600 ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን የዊንዶውስ የማውስ ሴቲንግ ውስጥ «የጠቋሚን ትክክለኛነት አሻሽል» የምትለዋ ሳጥን ምልክት ከሌለባት ነው። ስሟ ያታልላል። የምትሠራው ነገር ቢኖር እጃችሁ ፈጠን ሲል ጠቋሚውን አብዝቶ ማስሮጥ ነው፤ ያው 3 ሳንቲ ሜትር አንዴ ግማሽ ስክሪን፣ አንዴ ሙሉ ስክሪን ይሆናል። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ትጠቅም ይሆናል። እኔ አጠፋኋት፤ ሁለት ቀን ተደናበርሁ፣ ከዚያ በኋላ እጄ ርቀቱን ራሱ ያውቀው ጀመር።

በጣም የፈጠነ ጠቋሚ ጥሩ ይመስላል፤ ትንሿን ምልክት ለመያዝ ግን ጣታችሁን ታጠብቃላችሁ፣ ክንዳችሁ ይወጠራል። በጣም የዘገየ ከሆነ ደግሞ ማውሱን እያነሣችሁ ትመልሳላችሁ። መለኪያዬ ይህ ነው፦ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ማውሱን ሳላነሣ ልድረስ፣ ከዚያም የመስኮቷን መዝጊያ ትንፋሼን ሳልይዝ ልንካ። ትንፋሻችሁን የምትይዙ ከሆነ ፈጥኗል፣ ቀንሱት።

ፖል ፊትስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ሕግ እዚህ ላይ ይረዳል፦ አንድን ነገር ለመንካት የሚፈጀው ጊዜ በርቀቱና በስፋቱ ይወሰናል። የስክሪን ጫፍ ጠቋሚውን ስለሚያስቆመው፣ ጫፍ ላይ ያለ ነገር ወሰን እንደሌለው ሰፊ ነገር ይቆጠራል፤ ሳታነጣጥሩ ግፉት፣ አያመልጣችሁም። ደጋግማችሁ የምትነኩትን ነገር ወደ ጫፍና ወደ ጥግ አምጡት። የቀኝ ክሊክ ዝርዝርም እጃችሁ ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ላይኛው ሜኑ ድረስ መጓዝ ለምኔ።

አሁንም ማውስ መግዛት ካማራችሁ እጃችሁን ለኩ፤ ከአንጓው መስመር እስከ መሀል ጣት ጫፍ። የእኔ 16.8 ሳንቲ ሜትር ነው። በተለምዶ የማውሱ ርዝመት የእጅን 60 በመቶ ያህል ቢሆን ይመቻል ይባላል፤ ለእኔ 10 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ስጠቀምበት የኖርሁት 12.5 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ ክብደቱም 135 ግራም። ጣቶቼ ክሊኩ ጋ የሚደርሱት ተለጥጠው ነው። መዳፍን ሙሉ በሙሉ አሳርፎ የሚይዝ ሰው ትልቅና ጉብ ያለ ይስማማዋል፤ በጣት ጫፍ የሚይዝ ግን አነስ ያለና ቀላል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ማውሱን በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት ቆንጥጣችሁ ካልያዛችሁት የሚያመልጥ ከሆነ የእናንተ አይደለም።

እጅ ለእጅ እንደመጨባበጥ የሚያዘው ቋሚ ማውስ ከአምስቱ አንዱ ነው። መዳፍ ወደ ታች ሲዞር የክንድ ሁለቱ አጥንቶች ይቆላለፋሉ፤ በጎን ሲቆም ይላቀቃሉ። የክንዴ ውጥረት በእርግጥ ቀንሷል። ነገር ግን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ የፊደል ክፍተት ለማስተካከል ዛሬም ተራውን ነው የማነሣው። በአውራ ጣት የሚሽከረከር ኳስ ያለውን ደግሞ አንድ ወር ሞከርሁት፤ እጄ ዐረፈ፣ የአውራ ጣቴ ሥር ታመመ። የአንዱን ሸክም ለሌላው አስተላለፍሁ እንጂ ምኑን አቃለልሁት? ኳስ ከፈለጋችሁ በሌባና በመሀል ጣት የሚሽከረከረውን ምረጡ። ዳግላስ ኤንግልባርት ያሰበው፣ ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው የመጀመሪያው ማውስ ከሥሩ ሁለት ጎማ የተገጠመለት የእንጨት ሳጥን ነበር፤ አንዳንዴ ሱቅ ውስጥ ያሉትን ስነካካ ብዙም ያልራቅን ይመስለኛል።

እጅን ከሁሉ የሚጎዳው ክሊክ ብቻውን አይደለም፤ ክሊኩን ተጭኖ ይዞ መጎተት ነው። ረጅም ጽሑፍ ለመምረጥ አትጎትቱ፦ መነሻው ላይ አንዴ ክሊክ፣ ሺፍት ተጭኖ መጨረሻው ላይ ክሊክ። ሁለቴ ክሊክ ቃሉን ይመርጣል፣ ሦስቴ በአብዛኛው አንቀጹን። ዊንዶውስ ላይ «ክሊክ ሎክ» የሚባል ምርጫ አለ፤ ክሊኩን ለአፍታ ተጭናችሁ ስትለቁ እንደተያዘ ይቆያል፣ ጎትታችሁ ስታበቁ ዳግም ክሊክ አድርጋችሁ ትለቁታላችሁ። ማሸብለያዋን ጎማ ሊንክ ላይ ብትጫኗት በአዲስ ታብ ይከፍትላችኋል፤ ታቡ ራሱ ላይ ስትጫኗት ትዘጋዋለች።

ቢሯችን ውስጥ አንድ አንጋፋ አራሚ አሉ። ፋይል ለመክፈት ሁለቴ ሲነኩ እጃቸው ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ ፋይሉ ይሸሻል፣ አንዳንዴም ሌላ ፎልደር ውስጥ ይገባል። «ይሄ ነገር ጠልቶኛል ልጄ» ይሉኝ ነበር። የሁለት ክሊክ ፍጥነቱን ዝቅ አደረግሁላቸው፣ ጠቋሚውን አተለቅሁት፣ አንዴ ነክተው ኢንተር መጫን እንደሚበቃም አሳየኋቸው። «ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያለ ጥፋታቸው የሚታሙ ማውሶችም አሉ። ገመድ አልባ ማውሴ እየተንቀረፈፈ አስመርሮኝ አንዱን ጥዬዋለሁ፤ ለካስ የማውሱን ምልክት የምትቀበለዋን ትንሽ መቀበያ የሰካሁት ዩኤስቢ 3 የሚባለው ፈጣን ወደብ ላይ፣ ከውጭ ሃርድ ዲስክ አጠገብ ነበር። ያ ወደብ ሥራ ላይ ሲሆን ማውሱ በሚጠቀምበት በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ዙሪያ ይረብሻል። መቀበያውን በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ወደ ማውሱ ስታቀርቡት ይስተካከላል። አንዴ ነክታችሁት ሁለቴ የሚከፍት ከሆነ ግን የእጃችሁ ጥፋት አይደለም፣ በውስጡ ያለው ማብሪያ አርጅቷል። መስታወት ላይ ከዘለለ ከሥሩ ወረቀት አንጥፉ።

የመጨረሻው ሥራ ግራ እጅን ማስተማር ነው። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ማውስ ያስፈልጋችኋል፤ ዋናው ክሊክ ወደ ቀኝ እንዲዞር ሴቲንግ ውስጥ ቀይሩት። እኔ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሁን ከምሳ በፊት በቀኝ፣ ከምሳ በኋላ በግራ እሠራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደንበኛ ሥራ አትክፈቱበት፤ ኢሜይል በማንበብ ጀምሩ፣ የመሰረዣዋን ቁልፍ ግን ከመንካታችሁ በፊት ሁለቴ እዩ።