በዕድራችሁ የተራበ ጎረቤት እንዴት ይመገባል?

አዲስ ማኅበር ለማቋቋም አትድከሙ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ፣ ትልልቅ ድስትም ያለው ዕድር በየሰፈሩ አለ። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ ለቀብር የምናዋጣ ሰዎች ለሕያው ጎረቤታችንም ማዋጣት አለብን ብዬ በስብሰባ ተከራክሬያለሁ፣ አሁንም እከራከራለሁ።

የምግቡ ገንዘብ ከቀብሩ አይቀላቀል፤ የባንክ ሒሳቡ በጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀስ።

እህሉን ከመርካቶ፣ ከእህል በረንዳ በጅምላ ግዙ። ሥጋ ይቅር፤ ሽሮና ምስር ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ጎረቤት ይስማማል። ለአዛውንት በርበሬውን ቀንሱ። አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ዱቄት መስጠት ምን ይጠቅመዋል? ማን ያበስልለታል? ወጡን ከነእንጀራው በምሳ ዕቃ ቤቱ አድርሱለት።

ከሁሉ የሚከብደው ማን ይረዳ የሚለው ነው። መዝገቡን ለአንድ ሰው አትተዉ። የቀበሌ መታወቂያ የሌላቸው፣ በደባልነት የሚኖሩ፣ የዕድር መዋጮ ያቋረጡ ሰዎች ከዝርዝሩ ቀድመው ይወድቃሉ፤ ብዙ ጊዜ የባሰ የተራቡት ግን እነርሱ ናቸው። ሰፈሩን ጠንቅቀው የሚያውቁ እናቶች ቤት ለቤት ዞረው ይመዝግቡ፤ ስም ሲሰረዝ ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ተረጂን አሰልፎ ፎቶግራፍ ማንሳት ነውር ነው፤ በእኛ ዕድር ክልክል ነው። የወሩን ገቢና ወጪ ደግሞ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።