የአእምሮ ጤና ችግር ካሳለፉ በኋላ ፉክክር ለበዛባቸው የአሜሪካ ኮሌጆች ማመልከት፦ ምን ይጻፍ? የት? በማን?

በድብርት ወይም በከባድ ጭንቀት አንድ ሴሚስተር የተበላሸበት ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «ልንገራቸው ወይስ ልደብቅ?» ከሚለው ነው። መቅደም ያለበት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ትራንስክሪፕታችሁን (የትምህርት ውጤት መዝገባችሁን) አውጡና እንደማያውቃችሁ ሰው አንብቡት። ከኤ ወደ ሲ ወይም ዲ የወረደ ውጤት፣ በመሃል የተጣለ ኤፒ ኮርስ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት)፣ «አቋርጧል» ወይም «አልተጠናቀቀም» የሚል ምልክት፣ የትምህርት ቤት ለውጥ፣ ተጨማሪ ዓመት አለበት? እነዚህ አንባቢውን «እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?» ያሰኙታል፤ መልስ ካላገኘ ደግሞ ስንፍና ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ምንም የመናገር ግዴታ የለባችሁም። የ1973ቱ የተሃድሶ ሕግ አንቀጽ 504 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ኮሌጆች ተማሪ ከመቀበላቸው በፊት ስለ አካል ጉዳት እንዳይጠይቁ ይከለክላል፤ የአእምሮ ሕመምም በዚህ ሥር ሊሸፈን ይችላል። ዝም ማለት ውሸት አይደለም። ይሁንና ማመልከቻው በቀጥታ የሚጠይቀውን፣ ለምሳሌ ከትምህርት ቤት መታገድን፣ በእውነት መመለስ ግድ ነው።

ማብራሪያ የሚያስፈልግ ከሆነ ትልቁ ውሳኔ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ከሁሉ የተሻለው ቦታ የካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) ደብዳቤ ነው። ተማሪው ስለ ራሱ ሲናገር ሰበብ ሊመስል ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ቀኑን ጠቅሶ ሲናገር ማስረጃ ይሆናል። ችግሩ የአሜሪካ የትምህርት ቤት ካውንስለሮች ማኅበር ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይበቃል ሲል ብዙ ትምህርት ቤቶች ከዚያ በላይ መጫናቸው ነው። ካላሳወቃችሁት አያውቅም፤ ቢያውቅም ያለፈቃዳችሁ ለመጻፍ ያመነታል። ስለዚህ አስራ አንደኛ ክፍል ሳያልቅ ግማሽ ገጽ አዘጋጅታችሁ ስጡት፦ ችግሩ የጀመረበትና ያለፈበት ወር፣ የተጎዱት ኮርሶች፣ የቀራችሁባቸው ቀናት፣ ከዚያ ወዲህ የተሻሻለው ውጤት። መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ፤ አንዱ «ይህን መጻፍ ይችላሉ»፣ ሌላው «ይህን እባክዎ አይጻፉ»። አብዛኛው አመልካች የድጋፍ ደብዳቤዎቹን የማየት መብቱን በፊርማ ስለሚተው፣ ከተላከ በኋላ የምታርሙት ነገር የለም።

ሁለተኛው ቦታ ኮመን አፕ (ብዙ ኮሌጆች የሚጋሩት የኢንተርኔት ማመልከቻ) ላይ ያሉት አጫጭር ሳጥኖች ናቸው። ከ2025–26 ጀምሮ ስለ ችግሮችና ስለ ኑሮ ሁኔታ የሚጠይቀው ሳጥን እስከ 250 ቃል፣ የተጨማሪ መረጃው ሳጥን ደግሞ እስከ 300 ቃል ይይዛሉ። (የቆዩ መመሪያዎች ለተጨማሪ መረጃው 650 ይላሉ፤ ያ ቀርቷል።) አንዱን ብቻ ተጠቀሙ፤ ከ120 እስከ 150 ቃል ከበቂ በላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ካምፓሶች ግን ከኮመን አፕ ውጭ የራሳቸው ማመልከቻ አላቸው፤ በመደበኛው አሠራር የካውንስለር ደብዳቤም አይጠይቁም። እዚያ ክፍተቱን ማብራራት ያለባችሁ ራሳችሁ፣ ለተጨማሪ አስተያየት በተተወው ቦታ ላይ ነው።

አጻጻፉ ደረቅ ይሁን፤ ቀን፣ ጉዳት፣ እርምጃ፣ ውጤት። ለምሳሌ፦

«ከጃንዋሪ እስከ ሜይ 2024፣ አስረኛ ክፍል ሳለሁ፣ በጤና ችግር 31 የትምህርት ቀናት ቀርቻለሁ። በሒሳብና በኬሚስትሪ ያሉት ሁለት ሲዎች የዚያ ሴሚስተር ናቸው። በጁን ሕክምና ጀመርኩ፤ ኬሚስትሪን በሰመር ትምህርት ደግሜ ኤ አገኘሁ። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ሦስት ኤፒ ኮርሶች ወስጄ በሁሉም ኤ ወይም ቢ ፕላስ አግኝቻለሁ፤ የሕክምና ክትትሌም አልተቋረጠም።»

የሕመሙ ስም አለመጠቀሱን ልብ በሉ። «የጤና ችግር» ወይም «ሕክምና የተደረገለት የጤና ችግር» ማለት ይበቃል። የመድኃኒት ስም፣ የሆስፒታል ቆይታ ዝርዝር፣ ራስን ስለ መጉዳት የሚናገር ነገር አይግባ፤ አንባቢው ሐኪም አይደለም፣ ሊፈርድ የሚገባው በትምህርት ዝግጁነታችሁ ላይ ነው። «ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ፣ አይመለስም» የሚል ተስፋም አትስጡ። ማንም ሊሰጠው የማይችለው ተስፋ ስለሆነ ጥርጣሬ ይፈጥራል፤ ክትትል እንዳላችሁና ውጤቱ እንደቆመ ማሳየት ይበልጥ ያሳምናል። መምህራንን መውቀስ፣ አንዲት ቢ ፕላስን ሳይቀር ማስረዳት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእናንተ ቀንና የካውንስለሩ ቀን አለመግጠም ጉዳት ያደርሳል። ከመላኩ በፊት ሁለታችሁም ተመሳሳይ ወራት መጻፋችሁን አረጋግጡ።

እስከ 650 ቃል የሚይዘውን ዋናውን ድርሰት ግን ለሕመሙ ባትሰጡት እንመክራለን። እናንተን በራሳችሁ ድምፅ የምታሳዩበት ዋናው ቦታ ያ ነው፤ ከሕመሙ የሰፋ ሰው መሆናችሁ መታየት ያለበትም እዚያው ነው። እንደዚያም ሆኖ ሌላ ርዕስ አልመጣ ካለ፣ ረቂቁን ለማያውቃችሁ ትልቅ ሰው አስነብቡና «ይህ ልጅ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በሕመሙ ከጀመረ ርዕሱን ቀይሩ።

ወላጆችን በሚመለከት አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። በብዙ የሐበሻ ቤት «ሰው እንዳይሰማ» ተብሎ ጉዳዩ ከትምህርት ቤቱም ይደበቃል፤ ልጁ ጸበል ተወስዶ ወይም በቤት ውስጥ ታስታሞ ሲመለስ የቀረበት ሳምንት «ያለ ፈቃድ» ተብሎ ይመዘገባል። በኋላ ካውንስለሩ የሚጠቅሰው ሰነድ ያጣል። ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ ግን ልጁ የቀረበት ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ከሐኪም ተቀብላችሁ ለትምህርት ቤቱ ስጡ። የሕመሙን ስም መጻፍ አያስፈልግም። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ወላጅ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ሜሪላንድ ውስጥ እንደ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያሉት በአማርኛም ይሠራሉ። ልጁ የራሱን ሕመም ለእናቱ እንዲያስተረጉም አይደረግ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የቅድሚያ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 1፣ መደበኛው በጃንዋሪ መጀመሪያ ይዘጋል። በኤስኤቲ (በኮሌጅ መግቢያ ፈተናው) ተጨማሪ ሰዓት የምትፈልጉ ከሆነ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ለመፍቀድ እስከ ሰባት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ። በኦክቶበር አሁንም እንቅልፍ አጥታችሁ፣ ከአልጋ መነሳት ከብዷችሁ ከሆነ ግን ማመልከቻውን ለአንድ ዓመት ማቆየት ሽንፈት አይደለም። በመሃል ኮሌጅ ውስጥ የዲግሪ ኮርስ ካልወሰዳችሁ በአብዛኛው እንደ አዲስ ተማሪ ማመልከት ትችላላችሁ። ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ማመልከቻው ይቆይ፤ በማንኛውም ሰዓት 988 (የአሜሪካ የቀውስ ጊዜ የእርዳታ መስመር) ደውሉ፣ በስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ተቀባይነት ካገኛችሁ በኋላ ብዙውን ጊዜ እስከ ሜይ 1 የምትወስኑበት ጊዜ አላችሁ። የኮሌጁን የሕክምና ዕረፍት ደንብ አንብቡ፦ ለመመለስ ምን ይጠይቃል? በዕረፍት ላይ ኢንሹራንሱ ይቀጥላል? ደንቦች ይለያያሉ፣ ይለወጣሉም፤ ዬል ለምሳሌ በጃንዋሪ 2023 ደንቡን አሻሽሎ በሕክምና ምክንያት የሚወጣ ተማሪ «ከትምህርት ወጣ» መባሉ ቀርቶ በዕረፍት ላይ እንዲቆጠር አድርጓል። ሌላው የሚረሳ ነገር የሕክምና ባለሙያ ፈቃድ በስቴት መሆኑ ነው፤ ቨርጂኒያ ያለችው ቴራፒስት ማሳቹሴትስ ስትገቡ በቪዲዮ መቀጠል ላትችል ትችላለች። የቤተሰቡ ሽፋን ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ሽፋን) ከሆነም ከስቴቱ ውጭ ባብዛኛው ለድንገተኛ ሕክምና ብቻ ነው የሚሠራው። የ504 ዕቅድም (ትምህርት ቤቱ በአንቀጽ 504 መሠረት ለተማሪው ያወጣው የድጋፍ ዕቅድ) ወደ ኮሌጅ አብሮ አይሄድም፤ በሰመር ውስጥ በኮሌጁ የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ በአዲስ ሰነድ ተመዝገቡ። ይህ ቢሮ ከቅበላ ቢሮው የተለየ ነው።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ሕመሙ ከተመለሰ፣ የዓመቱ አጋማሽና የመጨረሻው ውጤት ለኮሌጁ እንደሚላክ አስታውሱ፤ ውጤቱ በጣም ከወረደ የተሰጠ ቦታ ሊሰረዝ ይችላል። ውጤቱ ከመድረሱ በፊት እናንተና ካውንስለሩ ለቅበላ ቢሮው አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ የሆነውን፣ የተወሰደውን እርምጃና ኮርሶቹ እንዴት እንደሚጠናቀቁ ግለጹ። ትምህርቱን ለአንድ ዓመት ለማዘግየት መጠየቅ ካስፈለገም በዚሁ ደብዳቤ ጠይቁ።