የሕንፃ የእሳት አደጋ ፓምፕ እንዴት ይፈተሻል? ቁልፍ መጫን ፍተሻ አይደለም

ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ሳለሁ፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ምድር ቤት ወርጄ የእሳት ፓምፑን አረንጓዴ ቁልፍ እጫን ነበር። ፓምፑ ይጮሃል፤ እኔም መዝገቡ ላይ «ይሠራል» ብዬ ፈርሜ እወጣለሁ። ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ለኢንሹራንስ የመጣ መሐንዲስ ቁልፉን ሳይነካ አራተኛ ፎቅ ላይ የእሳት ቱቦ አስከፈተ። ውሃው ትንሽ ፈሰሰና ቀጠነ፤ ፓምፑ ዝም። ግፊቱን ፓምፑን ወደሚያስነሳው መቆጣጠሪያ ሳጥን (ፓነሉ) የምታደርሰው ቀጭን መስመር ላይ ያለችው ቫልቭ ተዘግታ ኖሯል። የዘጋኋት እኔው ሳልሆን አልቀርም። እሳት ሲነሳ ደግሞ ምድር ቤት ወርዶ ቁልፍ የሚጫን ሰው የለም።

በመጀመሪያ ለጥበቃዎችና ለተከራዮች ተናገሩ፤ ደወል ሊጮህ ይችላል።

ከዚያ ውሃውን እዩ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ሕንፃ ለመጸዳጃውም ለእሳቱም የሚጠቀመው አንድ ታንከር ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ በዓይናችሁ ተመልከቱ፤ ማሳያው ተንሳፋፊው ከተጣበቀ ይዋሻል። ለመጸዳጃ የሚስበው ቱቦ አፉ ለእሳት ከተመደበው ውሃ በላይ መሆን አለበት። ከታች ከሆነ ውሃ በጠፋ ሳምንት የእሳቱ ድርሻ በሽንት ቤት ያልቃል።

ፓምፑ ክፍል ስትገቡ የመሳቢያውና የመግፊያው ቫልቮች ሙሉ በሙሉ ክፍት፣ ፓነሉም «አውቶ» (ፓምፑ በራሱ የሚነሳበት) ላይ መሆኑን አረጋግጡ። እግረ መንገዳችሁን ካርቶንና የቀለም ባልዲውን አስወጡ።

አሁን ዋናው ሥራ፦ ፓምፑ በራሱ ይነሳ። ከመግፊያው በኩል ካለው ማፍሰሻ ውሃ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፤ ዓይናችሁ ከግፊት መለኪያው ከጌጁ አይነሳ። ግፊቱ ትንሽ ሲወርድ ቀድማ የምትነሳው ጆኪ ፓምፗ ናት፤ ሥራዋ ትናንሽ ፍሳሾችን ማካካስ ነው። የለቀቃችሁትን ውሃ እየተካች ግፊቱን ከያዘችው ዋናው አይነሳምና ማፍሰሻውን ጨምራችሁ ክፈቱ። በአቋራጭ ጆኪዋን የሚያጠፋ ቴክኒሻን አለ። እኔ አልወደውም፤ አጥፍቶ የሚረሳው ብዙ ነው፤ ከዚያ ለጥቂት ፍሳሽ ዋናው ፓምፕ በእኩለ ሌሊት ይነሳል። ሁለቱም በስንት ባር እንደተነሱ ጻፉ። በእኛ ሕንፃ ጆኪዋ በ8፣ ዋናው በ7 ነበር፤ የእናንተን ከፓነሉ አንብቡ። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ከዋዠቀ የግፊት ስዊቹን ወይም መስመሩን ጠርጥሩ።

ከተነሳ በኋላ ማፍሰሻውን ዘግታችሁ የኤሌክትሪኩን 10 ደቂቃ፣ የናፍጣውን 30 ደቂቃ አስኪዱ፤ ብዙዎች የሚከተሉት የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ፍተሻ ደረጃ፣ ኤንኤፍፒኤ 25፣ የሚለውም ይህንኑ ነው። በኤሌክትሪኩ ፓምፕ አካል ላይ ካለችው ማቀዝቀዣ ቫልቭ ጥቂት ውሃ መፍሰስ አለበት፤ ካልፈሰሰ ውሃው ውስጡ ይፈላል። ገመድ መሰል ማሸጊያ ያለው ፓምፕ ከዘንጉ ዙሪያ በሰከንድ አንድ ጠብታ ያህል ያንጠባጥባል። አንድ ባልደረባዬ ብክነት መስሎት አጥብቆ አደረቀው፤ ማሸጊያው ተቃጠለ፣ ዘንጉም ተበላ። በመጨረሻ አጥፍታችሁ ወደ «አውቶ» መልሱ፤ ሌላ ሰውም ይይላችሁ።

መብራት የሚቋረጥበት ከተማ ስለሆነ በጀነሬተርም አስነስታችሁ ሞክሩ። የመብራት መስመር ከተነካ በኋላ ደግሞ የሚዞርበትን አቅጣጫ እዩ፤ ፌዙ (የመብራት ሽቦዎቹ ቅደም ተከተል) ተገልብጦ ወደ ኋላ የሚዞር ፓምፕም ትንሽ ግፊት ይሰጣልና ያሞኛል።

የናፍጣ ከሆነ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ሞክሩ፤ ነዳጁም ከታንኩ ሁለት ሦስተኛ አይጉደል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦቻርጀር (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ሻጩ የሚነግራችሁ የባሕር ዳርቻውን ቁጥር ነውና ስትገዙ ጠይቁ።

የዓመቱ ፍተሻ የባለሙያ ነው። ግፊቱ ውሃ ሳይፈስ፣ በተመደበለት የፍሰት መጠንና በዚሁ መጠን 150 በመቶ ላይ ይለካል፤ በ150 ላይ ግፊቱ ከተመደበው ከ65 በመቶ መውረድ የለበትም። የሚለቀቀው ውሃ ወደ ታንከሩ የሚመለስበት መስመር ካላችሁ ተጠቀሙበት። እኛ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ለቀን፣ ጀሪካን ይዘው የመጡት የሰፈር ሰዎች ከመሐንዲሱ በላይ ጠየቁን።