መስክ ላይ አልያዝም ለሚል ፈረስ
ገመድ ሲያይ የሚሸሽ ፈረስ ካላችሁ ማባረሩን ተዉት፤ በሩጫ አትችሉትም። ፊት ለፊት ሳይሆን በግራ ትከሻው በኩል፣ ዓይን ዓይኑን ሳታዩ ቀስ ብላችሁ ቅረቡ። ጭንቅላቱን ቀና ካደረገ እዚያው ቁሙና እግሩን ሳያነሳ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ዞሮ ሲያያችሁ እንደገና ቅረቡ። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው፦ መሸሽ ከጀመረ በኋላ ብትመለሱ፣ መሸሽ እንደሚያዋጣ ታስተምሩታላችሁ።

ስትደርሱ አፍንጫውን አትንኩ። ከትከሻው በላይ፣ ጋማው የሚያልቅበት ላይ እከኩለት፤ ፈረሶች እርስ በርስ በጥርስ የሚተካከኩት እዚያ ስለሆነ ይረጋጋል። አንዳንዴ ሳትይዙት እክካችሁ ብቻ ሂዱ፣ ሰው በመጣ ቁጥር ጋሪ ሊጎትት የሚወሰድ እንዳይመስለው።

ሌሎች ፈረሶች ባሉበት ግን እህል ይዛችሁ አትግቡ። ሲሻሙ ይራገጣሉ፤ መሃል የምትገኙት እናንተ ናችሁ።