የመኪና ቺንጋ ሳይበጠስ መቼ ይቀየር?

ቺንጋ ስል ታይሚንጉን፣ በሞተሩ ሽፋን ውስጥ የተደበቀውን፣ አይደለም። ኮፈን ስትከፍቱ በሞተሩ ጎን ዲናሞውን፣ የኤሲውን ኮምፕረሰር፣ የመሪውን ፓምፕ፣ በብዙ መኪና ላይ ደግሞ የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ረጅሙ ጥቁር ጎማ ነው፣ በውስጥ በኩል በቁመቱ መስመር መስመር ያለው። እሱ ሲበጠስ የባትሪ መብራት ይበራል፣ መሪው ሃይድሮሊክ ከሆነ በአንዴ ይከብዳል፣ የውሃ ፓምፑ በሱ የሚዞር ከሆነ ደሞ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ከጅማ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ይሄ የት ሊደርስበት እንደሚችል ያውቀዋል፣ ሰኮሩን አልፎ ጊቤ በረሃ ወርዶ ወደ ወልቂጤ ሽቅብ ሲወጣ፣ ሞተሩ በጣም በሚጨነቅበት ቦታ። እዛ ላይ "ትንሽ ልግፋበት" ያለ ሰው ቴስታታ፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ያጣምማል፣ ያ ደግሞ ከአንድ ቺንጋ ዋጋ ጋር በጭራሽ አይወዳደርም።

ስለዚህ ቀድሞ መቀየር ነው። ግን መቼ?

1. እድሜውን እወቁ። ድሮ በነበረው ጎማ የተሰሩ ቺንጋዎች ከ80,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ነበር የሚቀየሩት፣ አሁን በብዛት የሚሰሩት ኢፒዲኤም በሚባል ጎማ ነው፣ እነሱ እስከ 150,000 ሊሄዱ ይችላሉ። የመኪናችሁ ማኑዋል ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ስሙ። ችግሩ እኛ ሃገር ብዙ ሰው መኪናውን የገዛው አሮጌ ሆኖ ነው፣ ኪሎ ሜትሩ እውነት ይሁን አይሁን፣ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚነግራችሁ የለም። እንደዛ ከሆነ በኔ እምነት መገመት አያስፈልግም፣ አንዴ ቀይሩትና ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፋችሁ ኮፈኑ ስር ለጥፉ፣ ከዛ በኋላ ቆጠራው የራሳችሁ ነው።

2. ቺንጋውን አንብቡ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋር ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

መካኒኮቻችን ከድሮ የለመዱት ስንጥቅ መፈለግ ነው። ለድሮው ጎማ ልክ ነበር፣ በአንድ መስመር ላይ በ7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ 3 ስንጥቅ ከታየ ይቀየር ይባል ነበር። አዲሱ ጎማ ግን እድሜውን ጨርሶም ላይሰነጠቅ ይችላል። የሚያልቀው ልክ የመኪና ጎማ ጥርሱ እንደሚያልቀው ነው፣ ቀስ በቀስ እየተፋቀ፣ ላዩ ጥቁርና ንጹህ እንደሆነ። ስለዚህ "ምንም አልሆነም፣ ስንጥቅ የለውም" የሚል መልስ በቂ አይደለም፣ ብዙ ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው እሱን መልስ ይዞ ነው።

ታዲያ ምን ይታያል? ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ ይቀዝቅዝ። ጋቢ ወይም ነጠላ ነገር ከለበሳችሁ አውልቁት፣ በኋላ ሞተሩን ታስነሳላችሁና። በስልካችሁ መብራት የቺንጋውን የውስጥ ፊት፣ ማለትም መስመሮቹን፣ አጠገብ ሆናችሁ እዩ። በመስመሮቹ መሃል ያለው ቦይ አዲስ ሲሆን ታቹ ጠበብ ያለ ነው፣ እያለቀ ሲሄድ እየሰፋና ታቹ እየከበበ ይመጣል። የመስመሩ ጎን በጣም ካብረቀረቀ ሲንሸራተት ቆይቷል ማለት ነው። ቦዩ ታች ላይ ራሱ ማብረቅረቅ ከጀመረ ግን የፑሌጃው፣ ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት፣ ጫፍ የቦዩን ወለል ነክቷል፣ ቺንጋው መንከስ ትቶ ላዩ ላይ መሄድ ጀምሯል ማለት ነው፣ እሱ አበቃለት። ለማየት ካስቸገረ መስመሮቹን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ስፔር ፓርት ቤት ካለ አዲስ ቺንጋ ጋር አስተያዩት፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ጅማ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ ጭቃ። ወደ ገጠር የሚወጣ መኪና ክረምት ላይ ቀይ ጭቃው ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይደርቅና እንደ አሸዋ ወረቀት ጎማውንም ፑሌጃውንም ይፍቃል። በስንጥር ስትጭሩት ድርቅ ብሎ ከወጣ ቺንጋው ከኪሎ ሜትሩ በላይ አርጅቷል ብላችሁ አስቡ። እኔ ብጠየቅ እንዲህ አይነት መኪና ማኑዋሉ ያለውን ሙሉውን አይጠብቅም፣ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይጠነክር ታይቶ አጠራጣሪ ከሆነ ይቀየራል።

ከመስመሩ ላይ ቁራጭ ከጎደለ፣ ጠርዙ ክር ካወጣ፣ ወይም ዘይት ጠጥቶ ካበጠ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ዘይቱን ያፈሰሰው ነገር ግን መጀመሪያ ይሰራ፣ አለዚያ አዲሱንም ይበላዋል።

3. ድምጹን በውሃ ለዩ። ዝናብ ያደረበት ጠዋት ላይ ሲነሳ ትንሽ ጮሆ ዝም ማለት ብዙ መኪና ላይ ያለ ነው። ጩኸቱ የሚቆይ ከሆነ የሃይላንድ ክዳን በስታችሁ ሞተሩ እየሰራ በመስመሩ በኩል ትንሽ ውሃ ርጩበት፣ እጃችሁን አርቃችሁ። ድምጹ ከባሰ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው፣ ወይ አልቋል ወይ ውጥረቱ ላልቷል። ለአፍታ ዝም ብሎ ከተመለሰ ግን ፑሌጃዎቹ መስመር አልያዙም፣ እሱን ቺንጋ መቀየር ብቻ አያድነውም። ሳሙና መቀባትና ቺንጋ ላይ የሚረጨውን ስፕሬይ ተዉት በእናታችሁ፣ ድምጹን እንጂ ችግሩን አይነካም፣ ቆሻሻም ይሰበስባል።

4. ቺንጋው ሲወልቅ ፑሌጃዎቹን በእጅ አዙሩ። ይሄን የሚዘል ጋራዥ ብዙ ነው። አንድ የማውቀው ሰው አዲስ ቺንጋ አስገብቶ አጋሮ ሳይደርስ ተበጠሰበት፣ ቺንጋው ጥፋት አልነበረውም፣ የአይድለሩ፣ ቺንጋውን መንገድ የሚያሲዘው ፑሌጃ፣ ኩሽኔታ ደርቆ ነክሶ ይዞት ነው። እያንዳንዱን ስታዞሩት ለስላሳና ዝም ያለ መሆን አለበት፣ ከተንኮሻኮሸ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ይቀየር። ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነርም ሞተሩ ሲሰራ ክንዱ በጣም የሚንቀጠቀጥ ከነበረ ስፕሪንጉ ደክሟል። መካኒኩ ከቸኮለ "ወንድሜ፣ ከማስገባትህ በፊት አንድ በአንድ አሽከርክርልኝ" በሉት፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

5. መግዛትና ማስገባት። ቺንጋው ጀርባ ላይ ለምሳሌ 6ፒኬ1230 የሚል ካለ 6ቱ የመስመሩ ብዛት ነው፣ ፒኬ የመስመሩ አይነት፣ 1230 ርዝመቱ በሚሊ ሜትር። ያለው ቺንጋ ግን የቀድሞው ባለቤት ያገኘውን ያስገባው ሊሆን ስለሚችል በመኪናው ሞዴልና በሞተሩ ቁጥርም አስመሳክሩ። ጅማ መርካቶ ሂርማታ ካጣችሁት ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስልኩ እንጂ "ትንሽ ቢረዝም ችግር የለውም" የሚል ሰው አትስሙ። ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሁፍ የተበላሸ፣ ጎማው ላይ ያለው ቁጥር በጥፍር የሚለቅ ከሆነ ርካሽ ነው ብላችሁ አትውሰዱት።

ከመውለቁ በፊት የዞረበትን መንገድ ፎቶ አንሱ፣ ከገባ በኋላ እያንዳንዱ መስመር ቦዩ ውስጥ መቀመጡን በጣታችሁ ዳሱ፣ አንድ መስመር ወደ ውጭ ከተረፈ ብዙም ሳይሄድ ይበላዋል። አሮጌው ገና ደህና ከነበረ ከመፍቻ ቁልፉ ጋር መኪናው ኋላ እቃ መጫኛ ውስጥ ይቀመጥ፣ መንገድ ላይ ያደርሳችኋል። መኪናችሁ አውቶማቲክ ቴንሽነር ከሌለውና ዲናሞውን አላልቶ በመግፋት የሚወጠር ከሆነ ደግሞ አዲስ ቺንጋ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይላላል፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከነዳችሁት በኋላ መልሳችሁ አስወጥሩት።