መኪናችሁን ለኮረኮንች ስታስታጥቁ ከሆዷ ጀምሩ

ፒክአፕ ወይም ላንድ ክሩዘር የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያስገጥመው የፊት ብረት ነው። ከዚያ መብራት፣ ከዚያ ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶ መጋላ። ሁሉም ከሩቅ ያምራሉ። ድንጋይ ግን መኪናን የሚመታው ከስር ነው። ይህን የተማርኩት አፋር በረሃ ላይ፣ የሞተሬ ዘይት መሬት ላይ ሲፈስ እያየሁ ነው።

መጀመሪያ ባለፈው ዓመት የሄዳችሁባቸውን መንገዶች ወረቀት ላይ ጻፉ። ቱርሚ አካባቢ የሚይዛችሁ የደረቅ ወንዝ አሸዋ ነው። ሐረና ጫካ ውስጥ ጭቃ ነው። ወደ ኤርታ አሌ ደግሞ ስለታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ለአሸዋና ለጭቃ የሚያስፈልገው ጥሩ ጎማ ነው። ብረት የሚያስፈልገው ለድንጋይ ነው። ድንጋያማ መንገድ የማትሄዱ ከሆነ ገንዘባችሁን ጎማ ላይ አውሉት።

ቀጥሎ ሂሳብ ስሩ። የመኪናው መመሪያ ላይ የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ተጽፏል። ከዚያ ላይ የባዶ መኪናውን ክብደት ስትቀንሱ የሚቀረው ለሰውም፣ ለዕቃም፣ ለምታስገጥሙት ብረትም የሚበቃ መሆን አለበት። 20 ሊትር ናፍጣ ብቻውን 17 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የብረት ፓራውልት፣ ማለትም ያ የፊት ብረት፣ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ዊንች (የተያዘ መኪናን በገመድ ስቦ የሚያወጣ ማሽን) ሲጨመርበት የፊት ሞላው ይተኛል። ስለዚህ ሞላና አሞርዛተር (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው) መጨረሻ ላይ ግዙ፤ ብረቱ ሁሉ ከተገጠመና ክብደቱ ከታወቀ በኋላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ከሞተር ስር ወደሚገባው ላሜራ። ጋራዥ ስትሄዱ ቶሎ የምትጠየቁት "ስንት ሚሊ ይሁን?" የሚል ነው። እኔ "ወፍራም ይሁን" አልኩ፤ 6 ሚሊ ብረት ተሰራልኝ። በላሜራውና ከሞተሩ ስር ዘይት በሚይዘው ኮፓ መካከል ጣት አይገባም ነበር። ከፊት የያዙት ሁለት ብሎኖችም የታሰሩት ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው ዋና ብረት) ላይ ሳይሆን ከራዲያተሩ ስር ያለች ቀጭን ብረት ላይ ነበር። ኤርታ አሌ መንገድ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ መታው። ቀጭኗ ብረት ታጠፈች፣ ላሜራው ወደ ላይ ተነሳና ኮፓውን ሰነጠቀው። ላሜራው ራሱ ጭረት እንጂ ሌላ ጉዳት አልነበረውም። አብሮን የነበረ ሾፌር ስንጥቁን በሳሙና ሊደፍነው ሞከረ። ዘይቱ ትኩስ ስለነበር ሳሙናው ቀልጦ ወረደ። ሌላ መኪና እስኪመጣ ድረስ በዚያ ሙቀት ቁጭ አልን።

ከዚያ ወዲህ ላሜራ ሳይ ውፍረቱን የምጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። በላሜራውና በኮፓው መካከል ሁለት ጣት ተደርድሮ መግባት አለበት። ብሎኖቹ በሙሉ ሻንሲው ላይ ወይም ከሻንሲው ጋር በተያያዘ ወፍራም ብረት ላይ ይታሰሩ። ሻንሲው ላይ እንበይደው የሚላችሁን እሺ አትበሉ። የፊቱ ጠርዝ ወደ ላይ መታጠፍ አለበት፤ ድንጋይ ሲያገኝ እንዲንሸራተት። የብሎኖቹ ራስ ላሜራው ውስጥ ካልተቀበረ ድንጋይ ይፍቀውና ቁልፍ አይዘውም።

ዘይት ለመቀየር የሚያስችል ቀዳዳም አስወጡ፤ አለበለዚያ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ሙሉ ላሜራው ይወርዳል። ጭቃ የሚታጠብበትም ቀዳዳ ያስፈልጋል። ላሜራ ላይ የተጠራቀመ ደረቅ ሳር ጭስ ማውጫው ጋ ሲደርስ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ሳር ውስጥ ከነዳችሁ ማታ ማታ ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

ውፍረቱን በተመለከተ፣ አንድ ካሬ ሜትር 4 ሚሊ ብረት 31 ኪሎ ገደማ ነው፤ 6 ሚሊው ደግሞ 47። በደንብ ከታጠፈና ማጠናከሪያ ጎድን ካለው 4 ሚሊው ይበቃል። አልሙኒየም በጣም ይቀላል፤ ግን ሲሰነጠቅ የሚበይደው ሰው በየከተማው አይገኝም። ብረት ጂንካም ሰመራም በመዶሻ ይቃናል። እኔ ብረት እመርጣለሁ።

የቀረው አጭር ነው። የጎን መከላከያ ቱቦ ሻንሲ ላይ ካልታሰረ ጌጥ ነው። የፊት ብረት ስትገዙ ለመኪናችሁ ሞዴልና ለኤርባጉ የተሰራ መሆኑን አረጋግጡ። ዊንች ካስፈለጋችሁ የመሳብ አቅሙ ከሙሉ ጭነት መኪናው ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ዳናኪል ውስጥ ግን ገመዱን የምታስሩበት ዛፍ የለም፤ እዚያ አካፋና ከጎማ ስር የሚገባ የአሸዋ ሳንቃ ይሻላሉ። ተጎታች የሚያያዝበት ኳስ ላይ ገመድ አስራችሁ የተቀበረ መኪና በፍጹም አትጎትቱ። ተሰብሮ ሲወረወር ሰው ይገድላል።

ፖርቶ መጋላ ላይ ቀላል ዕቃ ብቻ ጫኑ። ውሃና ናፍጣ ታች፣ ወደ መሀል ይሁኑ። የጎማ ንፋስ መለኪያና ትንሽ ኮምፕሬሰር ደግሞ ከመብራት በፊት ግዙ። አሸዋ ላይ የጎማውን ንፋስ ወደ 18 ፒኤስአይ ማውረድ ብቻውን ብዙ ጊዜ ያወጣችኋል። አስፋልት ላይ ስትወጡ መልሳችሁ ንፉት።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች ነድታችሁ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። ከዚያ በነጭ ቀለም ከብሎኑ ራስ ጀምሮ እስከ ላሜራው ቀጭን መስመር አስምሩበት። በሚቀጥለው ጉዞ ጎንበስ ስትሉ መስመሩ ተዛንፎ ካያችሁ ያ ብሎን ላልቷል።